ሙሉጌታ ሥራው ከተገደለ በኋላ ያሉት ዓመታት፦ ቁስሉ መቼ መቼ ነው የሚመለሰው?

ሣራ ግ. (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚሁ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ተወልደው ላደጉ ከ14 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ በዚሁ ከተማ በዘረኞች ስለ ተገደለው ኢትዮጵያዊ ስለ ሙሉጌታ ሥራው የሁለት ሰዓት ውይይት እያዘጋጀን ነው። ስሙን ሰምተዋል። አንዳንዶቹም በሳውዝ ኢስት 31ኛና በፓይን መንገዶች አካባቢ፣ ከመንገድ ስም ሰሌዳው በላይ ያለውን መታሰቢያ አይተውታል። ከዚያ ያለፈ የሚያውቁት የለም።

የዚያ ሌሊት ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። እሑድ ኖቬምበር 13 ቀን 1988 (ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.) ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጓደኞቹ በመኪና ሊያደርሱት መጥተው፣ መኪናዋ በመኖሪያው አጠገብ መንገድ ላይ እንደ ቆመች፣ ሦስት ስኪንሄዶች (ፀጉራቸውን የሚላጩ የነጭ ዘረኛ ቡድን ወጣቶች) ደርሰው የ28 ዓመቱን ወጣት በቤዝቦል ዱላ መትተው ገደሉት። ሁለቱ ጓደኞቹም ተደብድበዋል። እኔን የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አንደኛ፣ ከፍርዱ በኋላ በቤተሰቡና በማኅበረሰቡ ላይ ምን ቀረ? ሁለተኛ፣ አያድርስና ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን መደረግ አለበት፣ የሚበላሸውስ የቱ ላይ ነው? ሦስተኛ፣ ልጆቹን ሳናስፈራ እንዴት እንንገራቸው?

ጋሽ ታዬ

እኅቴ ሣራ፣ ስለ ቀጣዮቹ ዓመታት መጠየቅሽ ደግ ነው። ልጆች ሲነገራቸው ብዙ ጊዜ «ገዳዮቹ ታሰሩ፣ በ1990 ደግሞ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ» ተብሎ ይቆማል። እንዲህ የሰማ ልጅ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ የምመክረው አንድ ረጅም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ የቀኖቹን መስመር ከልጆቹ ጋር እንድትሞሉ ነው። ቁስሉ የሚመለሰው በቀን ነውና ቀኖቹን ያየ ልጅ ያለ ብዙ ስብከት ይገባዋል።

በ1989 ሦስቱም ጥፋታቸውን አመኑ። ዱላውን የያዘው ኬኔት ሚስኪ ሙሉጌታን በዘሩ ምክንያት ሆን ብሎ እንደገደለ አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሁለቱ ግብረ አበሮቹ ከግድያ ዝቅ ባለ ወንጀልና በድብደባ እያንዳንዳቸው 20 ዓመት። ማመናቸው ቤተሰቡን ከረጅም ችሎት አድኗል። በሌላ በኩል ግን ማስረጃው በሙሉ በአደባባይ፣ በመሐላ፣ ሰው እየሰማ የሚዘረዘርበት መድረክ ቀረ። የ1990ው የፍትሐ ብሔር ክስ ያን ያህል ክብደት ያገኘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ክስ ያቀረቡት የሟቹ አጎት አቶ እንግዳው ብርሃኑ ናቸው፣ እንደ ውርስ አስተዳዳሪ ሆነው። ይህን ለልጆቹ አስረዷቸው፤ ብዙ ሰው «አጎት እንዴት ከሰሰ?» ይላልና። በኦሪገን ሕግ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ሲሞት የሚከሰው ፍርድ ቤት የሾመው የውርስ አስተዳዳሪ ነው። የሚከሰውም ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጆችና ለወላጆች ጥቅም ነው። ሙሉጌታ ኢትዮጵያ ውስጥ ትንሽ ልጅ ነበረው። ክሱን የያዙት የሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተርና የአንቲ ዲፋሜሽን ሊግ የተባሉ የሲቪል መብት ድርጅቶች ጠበቆች ሲሆኑ፣ ዋናው ተከሳሽ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ዋይት አርያን ሬዚስታንስ የሚባለውን የነጭ ዘረኞች ድርጅት የሚመራው ቶም ሜትዝገር ነበር። ክርክሩ በወኪልነት ላይ የቆመ ነው፦ ሜትዝገር የፖርትላንድ ስኪንሄዶችን እንዲያደራጅ ሰው ልኳል፣ የተላከው ሰው ግፋ በለው ብሏል፣ እንግዲህ ላኪው ለውጤቱ ይጠየቃል የሚል። የተላከው ዴቭ ማዜላ ራሱ ቀርቦ መሰከረ። ኦክቶበር 22 ቀን 1990 ከ12ቱ የጁሪ (ፍርድ እንዲሰጡ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) አባላት 11ዱ ለከሳሽ ፈረዱ። ማስረጃው ሜትዝገርን ከዚያ ሌሊት ጋር በበቂ አያገናኝም የሚሉ ተቺዎች ኋላ ላይ ተነሥተዋል። ከልጆቹ አንዱ ይህን አንብቦ ሊመጣ ስለሚችል ተዘጋጁበት። የምትመልሱለትም ይኸው ነው፦ የኦሪገን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1993 መርምሮ ፍርዱን አጽንቶታል፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1994 ጉዳዩን አላይም ብሏል። ዶሴውን ማየት ለሚፈልግ በመልትኖማ ካውንቲ ፍርድ ቤት ቁጥሩ ኤ8911-07007 ነው። የይግባኙ ውሳኔ በኦሪገን ይግባኝ ፍርድ ቤት መድበል ቅጽ 119፣ ገጽ 175 ላይ ታትሟል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 12.5 ሚሊዮን የተጻፈ ፍርድ ነው፣ የተሰበሰበ ብር አይደለም። የሜትዝገር ቤት ተሸጧል፣ ገቢውም ተከታትለውታል። ቢሆንም ከፍርዱ የተሰበሰበው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ክሱ የታለመው ድርጅቱን ለማዳከም ነበር፣ በዚያ በኩል ሠርቷል። ቤተሰብ ግን «ሚሊየነር ሆኑ» የሚል ሐሜት ለዓመታት ይሸከማል። ስለዚህ ልጆቹ ሁለት ነገር ይወቁ። በኦሪገን የፍትሐ ብሔር ፍርድ 10 ዓመት ይጸናል፣ ለሌላ 10 ዓመት ሊታደስም ይችላል። ማደሻው ቀን ካለፈ ፍርዱ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ዛሬ ባለው ሕግ ከቅጣት ካሳ (ከጉዳቱ ካሳ በላይ ጥፋተኛውን ለመቅጣት ከሚጨመረው) ለከሳሽ የሚደርሰው 30 በመቶ ነው። 60 በመቶው ለወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ሒሳብ፣ 10 በመቶው ለፍርድ ቤቶች ሕንፃና ጥበቃ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች ብዙ ሰው የማይዛቸው ናቸው። ከሁለቱ የ20 ዓመት ፍርደኞች አንዱ በ1999 ተፈታ፣ ሌላው በ2002። ሚስኪ በ2011 እስር ቤት ሞተ። ሜይ 26 ቀን 2017 በማክስ (በፖርትላንድ የከተማ ባቡር) ላይ አንድ ሰው ሁለት ልጃገረዶችን በዘረኛ ስድብ ሲያዋክብ ለማስቆም የሞከሩ ሁለት ሰዎች በስለት ተገደሉ፣ ሦስተኛው ቆሰለ፤ የ1988ቱ ስም በማግስቱ ተመልሶ ተነሣ። በ2018፣ በ30ኛው ዓመት፣ መታሰቢያዎቹ ተሰቀሉ። በ2020 ሜትዝገር ሞተ። እያንዳንዱ ቀን ስልክ የሚደወልበት፣ ጋዜጠኛ የሚመጣበት፣ ፎቶው እንደገና የሚወጣበት ቀን ነው። 20 ዓመት የተባለው ሰው በ10ኛው ዓመት ገደማ ሲወጣ ቤተሰቡ የሰማው ከጋዜጣ ከሆነ ያ ሌላ መርዶ ነው።

ይህ እንዳይሆን መፍትሔው አሰልቺ ግን የሚሠራ ነው። የኦሪገን ሕገ መንግሥት ከ1999 ጀምሮ ለተጎጂዎች መብት ይሰጣል፣ ነገር ግን ብዙው መብት የሚሠራው ለጠየቀ ሰው ነው። ለአመክሮ ቦርዱ (ፓሮል ቦርድ) በጽሑፍ «አሳውቁን» ማለት፣ ቫይን በሚባለው የእስረኛ ዝውውር ማሳወቂያም መመዝገብ ያስፈልጋል። ነገሩ የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ስልክና አድራሻ ይቀየራል፣ የተመዘገበው ሰው ሌላ ስቴት ይሄዳል፣ ማንም አያድሰውም። ስለዚህ ከቤተሰብ አንድ፣ ከማኅበሩ አንድ ሰው በሁለት አድራሻ ይመዝገቡ፣ በየዓመቱም በሙት ዓመቱ ሳምንት መረጃውን ያረጋግጡ። ኢትዮጵያ ላለች እናት የሚደርሳት በዚህኛው ሰው በኩል ነው።

ማርታ_ሶሻል ወርከር

ጋሽ ታዬ የቀኖቹን ነገር እንዳነሡልን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ስለ ሰዉ ልጨምር።

ሣራዬ፣ በዘሩ ምክንያት የተገደለ ሰው ሲኖር የሚጎዳው የሚያውቀው ሰው ብቻ አይደለም። ተራ ዝርፊያ ከሆነ ሰው «ገንዘብ ባይዝ ኖሮ፣ በዚያ ሰዓት ባይወጣ ኖሮ» ብሎ ራሱን ያረጋጋል። እዚህ ግን የተመረጠው በመልኩ ነው። መልክን ደግሞ ቤት ጥሎ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሙሉጌታን አይቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ «እኔም ልሆን እችል ነበር» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በዓይን አይገባም፦ የማታ ፈረቃ መተው፣ የትርፍ ሰዓት ገቢ መቅረት፣ ልጅን ከስፖርት ልምምድ ማስቀረት፣ ስሜ ይገለጣል ብሎ መዝገብ ላይ አለመፈረም፣ እንግዳ ሸኝቶ በር ላይ ቆሞ ማውራትን መፍራት። የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። እኛ ስንሰነባበት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በር ላይ ሁለተኛ፣ መኪናው መስኮት ላይ ሦስተኛ ነው። ሙሉጌታና ጓደኞቹ የተያዙት ሰውን ቤቱ አድርሰው ከመለያየታቸው በፊት በነበረችው በዚያች ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ደጋግሞ የሚበላሸው መርዶው ነው። በልማዳችን መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌና በቅርብ ዘመድ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል። ዛሬ ግን ፎቶው በፌስቡክና በቴሌግራም ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ይደርሳል። ማድረግ ያለባችሁ፦ ፖሊስ የሟቹን ማንነት እንዳረጋገጠ ወዲያው ከኮሚኒቲውና ከቤተ እምነቱ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ ኢትዮጵያ ካለ አንድ ዘመድ ጋር ብቻ ይነጋገር። ያ ዘመድ ሽማግሌ አሰባስቦ እናት ቤት የሚደርስበትን ሰዓት ይቁረጥ። ፖርትላንድ ማታ ሲሆን አዲስ አበባ እየነጋ ነውና ጊዜው አጭር ነው። እስከዚያ ሰዓት ማንም ስምና ፎቶ እንዳይለጥፍ በግልጽ ይነገር፣ ጋዜጠኞችም ስሙን እንዲያቆዩ ይጠየቁ። ብዙዎቹ ምክንያቱ ከተነገራቸው ለጥቂት ሰዓታት ይታገሣሉ።

ሁለተኛው አስከሬኑ ነው። በግድያ የሞተ ሰው ይመረመራል፣ ቤተሰብ አይሁን ቢልም ሕጉ ያስገድዳል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ «ሬሳውን ከለከሉን» የሚል ቁጣ ይነሣል። የሞት ሰርተፍኬቱም መጀመሪያ ላይ የሞቱን ምክንያት «በመጣራት ላይ» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ባንክና ኢንሹራንስ የመጨረሻውን ስለሚጠይቁ ቀኑን ተከታተሉ፣ 10 ያህል የተረጋገጠ ቅጂም አንድ ጊዜ አዝዙ።

ሦስተኛው አስተርጓሚ ነው። የቆሰለውን ሰው ቃል የአጎቱ ልጅ አያስተርጉምለት። ዘመድ ያሳጥራል፣ ነውር የመሰለውን ይዘላል፣ ስድቡን ያለዝባል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ደግሞ ስድቡ ዋናው ማስረጃ ነው። ምስክር የሰማውን ቃል በተባለበት ቋንቋ፣ እንደተባለው፣ ሳይተረጉም በዚያው ቀን በእጁ ይጻፍ። ምስክሮች አብረው ተቀምጠው «እንዲህ ነበር እኮ» እየተባባሉ እንዳያስታውሱ አደራ፤ በችሎት ቃላቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ተመካክረዋል ይባላሉ። ደም የነካ ልብስ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፕላስቲክ እርጥበት ይዞ ያበላሸዋል። የጎረቤት የበር ካሜራ ቪዲዮ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በላዩ ላይ ስለሚቀረጽበት በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የተጻፈ ካለ ከመጥፋቱ በፊት ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ ይነሣ።

ለቅሶ ቤቱን በተመለከተ፣ ሰዉ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እስከ አርባው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ክሱ ግን በዚያን ጊዜ ገና አልተጀመረም። ቤተሰቡ ብቻውን ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። እድሩ ተራ የሚያወጣው ለለቅሶው ብቻ ከሆነ ግማሹን ሥራ ነው የሠራው። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ሰው መድቡ፦ አንዱ መኪና ነጂ፣ ሌላው ማስታወሻ ያዥ። ማስታወሻ ያዡ የቀጠሮውን ቀን፣ የዳኛውን ስም፣ ምን እንደተባለና ቀጣዩን ቀጠሮ በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋል። ያ ደብተር ከአሥር ዓመት በኋላ ጋሽ ታዬ ያሉትን የቀን መስመር የሚሞላው ነው።

ሒሳብ ሹም

አጭር ነገር ስለ መዋጮ፣ ምክንያቱም ማኅበረሰብ የሚከፋፈለው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት አራት ሰው በየፊናው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ይከፍታል። ሁሉም ቅን ልብ አላቸው። በወሩ ግን «የእነ እገሌ ገንዘብ የት ገባ?» ይጀመራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቤተሰቡ በጽሑፍ አንዱን ይምረጥ፣ ሌሎቹ ይዘጉና ወደዚያ ያስተላልፉ። የባንክ ሒሳቡ ላይ ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ለማውጣት ሁለቱ ይበቁ። ከፈራሚዎቹ ሁለቱ የአንድ ቤት ሰዎች አይሁኑ። በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ይለጠፍ።

ትልቁ ስሕተት ግን መዋጮውን ከውርሱ ሒሳብ ጋር መቀላቀል ነው። የውርስ አስተዳዳሪው በፍርድ ቤት ከተሾመ በኋላ በግብር ቁጥር የሚከፍተው ሒሳብ የሟቹ ንብረት ነው፣ የሟቹ አበዳሪዎች ሊጠይቁት ይችላሉ። ሕዝብ ለልጆቹ ያዋጣው ገንዘብ እዚያ ውስጥ ከገባ ለክሬዲት ካርድና ለሆስፒታል ዕዳ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት መዝገብ። ወራሹ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በእጁ አይሰጥም። አደራ (ትረስት) ወይም ፍርድ ቤት የሚቆጣጠረው ጠባቂ ያስፈልጋል። የሕግ ባለሙያ ሳያይ ለዘመድ መላክ ኋላ ጠብ ያመጣል።

የቀብርና የምክር አገልግሎት ወጪን በተመለከተ በኦሪገን የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፕሮግራም አለ። ኢንሹራንስ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ነው የሚሸፍነው፣ ስለዚህ ደረሰኝ ይቀመጥ። በሰው እጅ የተከፈለ፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ይቀራል።

ሣራ ግ.

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የሙሉጌታ ጉዳይ የተጀመረው መንገድ በመዝጋት ጭቅጭቅ ነው ይባላል፤ ልጆቹ «ታዲያ ዘረኝነት መሆኑ በምን ታወቀ?» ቢሉ ምን እንበል? ወረቀት የሌላቸው ምስክሮችስ ፈርተው ቢሸሹ?

ጋሽ ታዬ

የመጀመሪያው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትሽሹት። ጠብ የሚጀመርበት ምክንያትና ሰው የሚገደልበት ምክንያት ይለያያል። መኪና መንገድ መዝጋቱ ጭቅጭቅ ያመጣል። በዚያ መንገድ ላይ በየቀኑ መኪና ይቆማል፣ ሰው አይገደልም። እነዚያ ሰዎች ኢስት ሳይድ ዋይት ፕራይድ የሚባል ቡድን አባላት ነበሩ። ዱላውን የያዘውም በዘሩ ምክንያት እንደገደለው በፍርድ ቤት አምኗል። ስለዚህ ለልጆቹ «ጠብ ነበር ወይስ ዘረኝነት?» የሚለውን ምርጫ አትስጧቸው፤ ሁለቱም ነበሩ፣ የገደለው ሁለተኛው ነው። ዕድሜያቸውንም ንገሯቸው፦ ከ19 እስከ 23 ዓመት። አንዱ በዚሁ ከተማ በግራንት ሃይስኩል የሆምካሚንግ (የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በዓል) ንጉሥ ተብሎ የተመረጠ ልጅ ነበር። ከሩቅ የመጣ ጭራቅ አይደለም። ልጆቹ ይህን ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል፣ ምክንያቱም የክፍል ጓደኛ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያድል ወይም ቪዲዮ ሲያሰራጭ «ቀልድ ነው» ብለው አያልፉትም።

ሕጉንም አሳዩአቸው። ኦሪገን በ1981 «ማስፈራራት» በሚል ስም በዘር የሚነሣ ጥቃትን የሚቀጣ ሕግ አውጥታ ነበር። ትልቁ ጉድለቱ ከባዱ ደረጃ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች አብረው ካልፈጸሙት አይሠራም ነበር። ብቻውን የሚያጠቃ ሰው በቀላሉ ያልፍ ነበር። በ2019 ሕጉ ተሻሻለ፣ ስሙም «የአድልዎ ወንጀል» (ባያስ ክራይም) ወደሚል ተለወጠ፣ የሁለት ሰው መስፈርቱ ተነሣ። አንደኛ ደረጃው ዛሬ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። ሌላው ጥቅሙ ይህ ነው፦ ወንጀል ሳይሆን የቀረ ስድብና ማዋከብ ሳይቀር በኦሪገን የፍትሕ መሥሪያ ቤት የስልክ መስመር ይመዘገባል። ፖሊስ ዘንድ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ በአስተርጓሚ ማነጋገር ይቻላል፣ የተመዘገበውም በየዓመቱ በሪፖርት ይወጣል። ያልተመዘገበ ነገር በሪፖርቱ ላይ የለም። ከዚያ «በእናንተ ላይ ምን ደረሰ? ቁጥሩ ዜሮ ነው» ይባላል።

ስለ ምስክሮቹ፦ ዩ ቪዛ የሚባለው፣ ከሕግ አስከባሪ ጋር ለተባበረ የወንጀል ተጎጂ የሚሰጠው ቪዛ፣ ለዚህ የተበጀ ነው። ግድያና ከባድ ድብደባ ከሚያስችሉት ወንጀሎች መካከል ናቸው። ቅጹ አይ-918 ሲሆን ማሟያ ቢ የሚባለውን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ይፈርማል፣ ሰውየው መተባበሩን መስክሮ። ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ ፊርማው ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን በፊት ባለው 6 ወር ውስጥ የተፈረመ መሆን አለበት። ሰው አስፈርሞ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ይረሳዋል፣ ጊዜው ያልፍበታል። በዓመት የሚሰጠው 10,000 ስለሆነም ወረፋው ረጅም ነው፣ ይህ ሳይደበቅ ይነገር። የቆሰለው ሰው ራሱ ተጎጂ ነው። ሟቹ 21 ዓመት ከሞላው ደግሞ ባለቤቱና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹ በእሱ ምትክ ማመልከት ይችላሉ። ዝም ብሎ ያየ ምስክር ግን ብዙውን ጊዜ አይገባበትም። ስለዚህ «መስክር፣ ወረቀት ታገኛለህ» ብሎ ለማንም ተስፋ መስጠት ኃጢአት ነው። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

የጊዜ ገደቦችም አሉ። ለሞት የሚቀርብ የፍትሐ ብሔር ክስ በኦሪገን በመሠረቱ 3 ዓመት ነው፣ ተደብድቦ የተረፈ ሰው ግን 2 ዓመት ብቻ ነው ያለው። «ለቅሶው ይለፍ» እያለ ብዙ ጊዜ ገደቡ የሚያልፍበት በሕይወት የተረፈው ሰው ነው። ሰው ሁሉ ሟቹን ሲያስብ የቆሰለው ይረሳል።

ዳዊት መ.

በትሕትና አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየዓመቱ ማሰቡ ቁስሉን መነካካት አይሆንም ወይ? ቤተሰቡም፣ ያኔ የነበሩትም ሰዎች እንዲረሱት ቢተዉ አይሻልም?

ማርታ_ሶሻል ወርከር

ዳዊት ወንድሜ፣ ያነሣኸው እውነተኛ ስጋት ነው። ሰዎች የሚታመሙት ግን በማሰቡ ሳይሆን ሳይጠየቁ በመጎተታቸው ነው። ከመርሐ ግብሩ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለቤተሰቡ ደውሉ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ትመጣላችሁ ወይ፣ ፎቶው ይታይ ወይ፣ ያልተባለ እንዲቀር የምትፈልጉት ነገር አለ ወይ። «አንመጣም» ካሉ ምክንያት አይጠየቁም። የቆሰሉትን ጓደኞች «ወጥተህ ንገረን» ብሎ ከመቀመጫቸው ማስነሣት አይገባም። በሥዕልና በቪዲዮ የሞቱን ቅጽበት ማሳየትም ለልጆቹ አይጠቅምም። ሙሉጌታ ሊማር መጥቶ፣ በኤርፖርቱ አካባቢ መኪና አከራይ ድርጅት ውስጥ አውቶቡስ እየነዳ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ከዚያ ጀምሩ።

ሣራዬ፣ ለሦስተኛው ጥያቄሽም መልሱ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ልጅ የሚፈራው አደጋ ሲነገረው ሳይሆን አደጋ ተነግሮት የሚሠራው ነገር ሳይሰጠው ሲቀር ነው። ከሁለቱ ሰዓት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ለሕይወቱ፣ ቀጣዮቹ 40 ደቂቃዎች ለጋሽ ታዬ የቀን መስመር ይሁኑ። ከዚያ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፣ ሻይ ይጠጡ። የቀረውን ጊዜ በሥራ ሙሉት፦ በስድብ የተሰደበ ጓደኛ ቢኖር ምን እንደሚጽፉ፣ ለማን እንደሚደውሉ፣ ከአጥቂው ጋር ሳይጨቃጨቁ ከተጠቂው ጎን እንዴት እንደሚቆሙ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱ። የገዳዮቹን ስም ዶሴው ውስጥ ያገኙታል፣ ግድግዳው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን የሙሉጌታ ስም ይሁን። ስሙንም በአማርኛ አሟልተው መጻፍ ይልመዱ፤ ከእንግሊዝኛው ላይ የሚያነቡት ብዙዎቹ አጣመው ነው የሚጠሩት።

ጋሽ ታዬ

አንድ የረሳሁት፦ ቀኑን ስትቆርጡ ሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ተመልከቱ። ኅዳር 4 በአብዛኛው ኖቬምበር 13 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ግን ኖቬምበር 14 ይሆናል። በ1988 ራሱ 13 ነበር። ኢትዮጵያ ያለ ቤተሰብ በኅዳር 4 እያሰበ እዚህ ያለው በ13 ሲያስብ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ይለያያሉ፣ «ረሳችሁት» የሚል ቅሬታም ይመጣል። ግብዣው ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉ።